ያልተወያየንበትን ለውጥ «በሙሉ ድምፅ አጽድቀናል» የሚል ቃለ ጉባኤ ልፈርም?

የሳቢያኑ መምህር

ሰላም ለሁላችሁም።

የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ጀምሮ «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» የተባለውን የጋራ ኮርስ አስተምራለሁ። የተቋሜን ስም አልጠራም። የምፈልገው ምክር ነው፤ ሰው ማሳጣት አልፈልግም።

ባለፈው ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ማራገቢያው ትኩስ አየር ከማዞር በቀር ምንም በማይፈይድበት ሰዓት፣ የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ሦስት ገጽ ወረቀት ይዛ ቢሮዬ ገባች። ቃለ ጉባኤ ነው። «ሁሉም ፈርመዋል፤ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ። ስሜ 6ኛው ተራ ቁጥር ላይ ተተይቧል፤ ከጎኑ ባዶ መስመር አለ። ወረቀቱ እንደሚለው የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ዓርብ ዕለት ተሰብስቦ፣ ኮርሱ በ16 ሳምንት መሰጠቱ ቀርቶ ከመጪው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ በ4 ሳምንት በብሎክ፣ ማለትም ባጭር ጊዜ ተጨምቆ፣ እንዲሰጥ፣ ሁለት ሁለት ሴክሽን ተጣምሮ በአዳራሽ እንዲማር፣ የጽሑፍ ሥራው ተሰርዞ ምዘናው በሙሉ በምርጫ ጥያቄ እንዲሆን «ሰፊ ውይይት ካደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል»።

ዓርብ ዕለት ስብሰባ ነበር፤ እኔም ነበርኩ። የተጠራነው ግን ለፈተና ጥበቃ ድልድል ነው። 5 ሰዓት ላይ ጀመርን፤ ዓርብ ስለሆነ 5 ሰዓት ተኩል ሲል ሁሉም ተነሣ። እየተነሣን ሳለን ኃላፊያችን «ስለ ፍሬሽማን ኮርሶች አሰጣጥ ከበላይ የመጣ አቅጣጫ አለ፤ ወደፊት እናየዋለን» አሉ። ስለ ጉዳዩ የተነገረው ይህ ብቻ ነው። አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ይህን አልክድም።

ሰዓቱ አልተነካም ይሉናል። በወረቀት ላይ እውነት ነው። ሦስት ክሬዲት ሰዓት በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል፤ በሳምንት 12 ሰዓት ለ4 ሳምንት ቢሰጥም ያው 48 ነው። በአንዱ ክፍለ ጊዜና በሌላው መካከል የነበረው ቀን ግን ይጠፋል፤ ይህ ኮርስ ደግሞ የሚኖረው በዚያ ቀን ውስጥ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ተማሪ ሥራ ላሳያችሁ።

በየዓመቱ ተማሪዎቼ ቤት ወይም ሰፈር ውስጥ ሰው ሲከራከርበት የሰሙትን ነገር አምጥተው መነሻውንና ድምዳሜውን ለይተው እንዲጽፉ አዝዛለሁ። አንዱ ስለ ባጃጅ ታሪፍ፣ አንዱ ስለ ጥሎሽ፣ ከጎዴ የመጣ ልጅ ስለ ግመል ዋጋ ይጽፋል። አምና እዚሁ መጋላ ያደገች ተማሪ እንዲህ ስትል አመጣች፦ «ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ድሬዳዋ ዝናብ ብዙ የላትም። ስለዚህ በወንዙ ዳር መኖር አያሰጋም።» የተወለደችው ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት አውቀዋለሁ። ከተማችን ከ200 በላይ ሰው የቀበረችበት ሌሊት ነው። ቢሆንም «ተሳስተሻል» አላልኳትም፤ ጽሑፏን «ዝናቡ የሚዘንበው የት ነው?» ብዬ በቀይ ጽፌ መለስኩላት።

በሳምንቱ ሁለተኛውን ረቂቅ አመጣች። የጂኦግራፊ መምህሯን ጠይቃ፣ ውኃው የሚመጣው ከበላያችን ካለው ደጋ፣ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች መሆኑን ጨምራለች። ጥሩ ነበር፤ ግን ከሌላ ሰው አፍ የተቀዳ ነበር። አሁንም መለስኩት። ሦስተኛውን ስታመጣ 5 ሳምንት ሆኖናል። በመካከሉ አያቷን ጠይቃ ኖሯል። አያትየዋ ስለዚያ ሌሊት ለልጅ ልጃቸው አውርተው አያውቁም ነበር። ከውኃው ድምፅ በፊት የሰሙት የድንጋይ መንከባለል እንደነበር ነገሯት። የጽሑፏ መዝጊያ ይህ ነው፦ «የመጀመሪያው ጽሑፌ የተሳሳተው መነሻዎቹ ውሸት ስለሆኑ አይደለም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። የተሳሳተው አንድ መነሻ ስለጎደለው ነው።»

ይህን ለ19 ዓመት ልጅ በምርጫ ጥያቄ ማስተማር አልችልም። በ4 ሳምንት ብሎክ ደግሞ አያቲቱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ኮርሱ ያልቃል።

ኮርሱ የእኔ ርስት አይደለም። ስሙ፣ ክሬዲቱና ሞጁሉ በአገር ደረጃ የተዘጋጀ መሆኑን አውቃለሁ፤ እቀበለዋለሁም። የመምህር እጥረት እንዳለም አውቃለሁ። በጉዳዩ ላይ ተቀምጠን፣ ተከራክረን፣ ድምፅ ተሰጥቶ ተሸንፌ ቢሆን ኖሮ የተሸነፍኩበትን ቃለ ጉባኤ ሳላመነታ እፈርም ነበር። ያልተደረገን ውይይት ተደርጓል ብዬ መፈረም ነው እጄን የያዘኝ። ክፍል ገብቼ «ማስረጃ የሌለውን ድምዳሜ አትቀበሉ» የምል ሰው ነኝ።

ስጋቴንም ልናገር። የረዳት ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬ እዚያው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለቤቴ «ስምንት ሰው የፈረመበትን አንተ ብቻህን ምን ልትለውጥ ነው? ፈርምና ተገላገል» ብላኛለች፤ የምትለው ለቤታችን አስባ ነው። እስከ ሰኞ ወረቀቱን እንድመልስ ተጠይቄአለሁ።

ባልፈርም ውሳኔው ይቆማል? ወይስ ፈርሜ ሐሳቤን ከሥር ልጻፍ? ከዚህ በፊት የደረሰባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የጀጎል ልጅ

ሰላም መምህር። ከሐረር ነኝ። በሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ ውስጥ ለ9 ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ቃለ ጉባኤ በእጄ ያለፈው ብዙ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለዩ። የእርስዎ ወረቀት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ ላይ ጠቅልሏል። የጋራ ኮርሶቹ ዝርዝርና ክሬዲት ከትምህርት ሚኒስቴር የመጣ ነው፤ በዚያ ላይ የትምህርት ክፍል ጉባኤ የሚወስነው የለም። ተማሪው እንዴት ይመዘናል፣ ስንት ረቂቅ ይጽፋል፣ በስንት ሳምንት ይማራል የሚለው ግን ኮርሱን የሚያስተምሩት ሰዎች ሳይመክሩበት ሊያልፍ የሚገባው ጉዳይ አይደለም። የተለመደው መንገድም ይታወቃል፤ ሐሳቡ ከትምህርት ክፍል ይነሣል፣ በኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ያልፋል፣ እንደ ክብደቱ ሴኔት ይደርሳል። «ከበላይ የመጣ አቅጣጫ» ሲባል ብዙ መምህር ሁሉም ነገር ተወስኖ ያለቀ ይመስለውና የራሱንም ድርሻ አብሮ ያስረክባል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ከተነጠቅነው ይልቅ ሳንጠየቅ የሰጠነው ይበዛል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ዝም ብለው አይፈርሙ፤ ዝም ብለውም አይመልሱ። ባዶ የተመለሰ መስመር «አልተገኘም» ተብሎ ይሞላል፤ ይህን ሲሆን አይቻለሁ። በስምዎ ትይዩ በብዕር ሁለት መስመር ይጻፉ፦ በስብሰባው መገኘትዎን፣ በዚህ አጀንዳ ላይ ውይይትም ድምፅም አለመኖሩን። ከዚያ ቀን ጽፈው ይፈርሙ። ይህ የልዩነት ሐሳብ ነው፤ ማንም እንደ አመፅ ሊቆጥረው አይችልም። ከመመለስዎ በፊት ኮፒ ያስነሡ።

ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ደብዳቤ ለትምህርት ክፍሉ ጽፈው በመዝገብ ቤት በኩል ያስገቡ። በእጅ አይስጡ፤ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉበት። በደብዳቤው ውስጥ «ተበድያለሁ» የሚል ቃል አይኑር። ጉዳዩ በአጀንዳ ተይዞ ይታይልኝ ይበሉ፣ የራስዎን አማራጭ ያስቀምጡ። ያቺ የደቻቱ ልጅ የጻፈችው ሦስት ረቂቅ ከእርስዎ ዘንድ ካለ፣ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል። ኮሚቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያየሁት ይህን ነው፤ ሰው ስለ «የትምህርት ጥራት» ሲናገር ሁሉም ሰዓቱን ያያል፤ የአንድ ተማሪ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን ሁሉም ዘንበል ብሎ ያነባል።

ስለ ረዳት ፕሮፌሰርነቱ የሚሰጉት ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ለዚህም ነው የመዝገብ ቤቱን ቁጥር የምወተውተው።

የቀድሞ ኃላፊ

እኔ በሌላኛው ወንበር ላይ 4 ዓመት ተቀምጬ ስለነበር የማይወደደውን ልናገር።

መምህር፣ ኃላፊዎ ክፉ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። አዲስ ተማሪ ዘግይቶ ይመደባል። የአቅም ማሻሻያው (ሪሜዲያል) ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት አዲስ ተማሪ እንቀበላለን። ካላንደሩ ተጨንቆ ይመጣል፤ ሬጅስትራር በስልክ «መቼ ነው ውጤት የምታስገቡት?» ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ለራሱ ዋና ኮርሶች ጊዜ ይፈልጋል፤ የሚቀነሰው ሁልጊዜ ከጋራ ኮርሱ ነው፤ ምክንያቱም የጋራ ኮርስ ባለቤት የለውም። በእኔ ጊዜ 14 ሴክሽን ፍሬሽማን ነበረን፤ መምህራኑ ሦስት። አንዷ ወለደች። በብሎክ አሰጠሁ። ምን ላድርግ ነበር?

ስለ ቃለ ጉባኤው ግን አልከራከርዎትም። እኔም እንዲህ ያለ ወረቀት አስፈርሜ አውቃለሁ። ጉባኤ ብጠራ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፤ ቢሞላ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሪፖርቱ ግን ለነገ ይፈለጋል። ያኔ ጊዜ ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ብሎኩ ሲበላሽ፣ ተማሪ በጅምላ ሲወድቅ፣ «እኛ የወሰንነው ነው፣ እኛው እናስተካክል» የሚል አንድም መምህር አጣሁ። ሁሉም «አንተ ያመጣኸው ነው» አለኝ፤ እውነታቸውን ነበር። ይህን የምጽፈው ኃላፊዎ ቢያነቡት ብዬ ነው።

ለእርስዎ የምለው አንድ ነገር ነው። አማራጭ ይዘው ይሂዱ። «16 ሳምንት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» ካሉ ያጣሉ። በሦስት መምህር 14 ሴክሽን ውስጥ ያ የጽሑፍ ሥራ እንዴት ሊታረም እንደሚችል በቁጥር ካሳዩዋቸው ግን ማንም ኃላፊ ደስ ብሎት ይቀበላል።

የሳቢያኑ መምህር

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጀጎል ልጅ፣ «ሳንጠየቅ የሰጠነው ይበዛል» ያልሽው ሌሊት ሙሉ ሲያመላልሰኝ አደረ። ዓርብ ዕለት እጄን አንሥቼ «አቅጣጫው ምን ይላል?» ብል ኖሮ ይህ ወረቀት በዚህ መልክ አይጻፍም ነበር።

የቀድሞ ኃላፊ፣ ስለ ግልጽነትዎ አከብርዎታለሁ። የአራሚውን ችግር እኔም አውቀዋለሁ፤ አንድ ሴክሽን 60 ተማሪ ነው፤ ሦስት ረቂቅ ሲባል 180 ወረቀት፤ እኔ 4 ሴክሽን አለኝ፣ 720። በዓመት በዓልም ሳርም ከርሜአለሁ። ይህ ሊቀጥል እንደማይችል አምናለሁ። ግን «አይቻልም» ከሚለው በፊት «ምን ያህሉ ይቻላል?» ብለን ልንጠያየቅ ይገባ ነበር። ስምንቱ ባልደረቦቼ ሞኞች አይደሉም። አንዱ ተማሪዎችን ሦስት ሦስት አድርጎ እርስ በርሳቸው እንዲተራረሙ ያደርጋል፤ ጥሩ ይሠራለታል። እኔ ይህን ያወቅሁት ሻይ ቤት ነው። በጉባኤ ላይ አንድም ቀን ስለ ማስተማር ተነጋግረን አናውቅም። ስለ ድልድል፣ ስለ ውጤት ማስገቢያ ቀን፣ ስለ መዋጮ ነው የምንሰበሰበው።

ሲቪል ሁለተኛ ዓመት

ይቅርታ፣ መምህር አይደለሁም፤ ተማሪ ነኝ። ኮርሱን በብሎክ ከወሰዱት አንዱ ስለሆንኩ ልናገር ብዬ ነው። ከጥዋት 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት በየቀኑ አንድ ኮርስ ብቻ። 120 ሆነን አዳራሽ እንቀመጥ ነበር፤ ከኋላ ድምፅ አይሰማም። ፈተናው ላይ 84 አምጥቻለሁ። አሁን ከኮርሱ የማስታውሰው «አድ ሆሚነም» (ሐሳቡን ትቶ ተናጋሪውን ማጥቃት) የሚለውን ቃል ነው። ትርጉሙን እንኳ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ ግን አንድም ነገር ጽፌበት አላውቅም። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ትገባለች። እሷ ያንን የደረቅ ወንዝ ጽሑፍ ብትጽፍ ደስ ይለኛል።

ከከዚራ የወጣሁ

ወንድሜ፣ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ነው ያደግሁት፤ አሁን የምኖረው ኒው ዮርክ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ በትርፍ ሰዓት አስተምራለሁ። ያንተን ጽሑፍ ሳነብ እዚህ አገር የሆነ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ከ20 በላይ ኮሌጆች አሉት። ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ወደ አራት ዓመት የሚዛወር ተማሪ የወሰደው ኮርስ አይያዝለትም ነበር፤ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያጣል። ይህ እውነተኛ በደል ነው። እናም በ2011 የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ለሁሉም ኮሌጆች አንድ ዓይነት 30 ክሬዲት የጋራ ትምህርት ወሰነ፤ ከ2013 መጸው ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ዓላማው ጥሩ ነበር። ሆኖም የመምህራኑ ማኅበር ፍርድ ቤት ሄደ፤ ድምፅ ሰጥተውም በአሠራሩ ላይ እምነት እንደሌላቸው አስታወቁ። ክርክራቸው የጋራ ትምህርት አይኑር የሚል አልነበረም። የጋራ ትምህርቱን መቅረጽ የመምህራን ድርሻ ሆኖ ሳለ ከላይ ተቆርጦ መጣ የሚል ነበር።

ካንተ ጋር የሚመሳሰለው ደግሞ ይኸውልህ። በ2012 መስከረም ኩዊንስቦሮ በተባለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል የድርሰት ኮርሱ በሳምንት ከ4 ሰዓት ወደ 3 እንዳይወርድ በድምፅ ወሰነ። ከአስተዳደሩ የመጣው መልስ የድርሰት ኮርሱ በኮሌጁ እንደማይሰጥ፣ ጊዜያዊ መምህራንም እንደማይቀጠሩ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ነበር። ነገሩ በጋዜጣ ወጣ፤ ደብዳቤውን የጻፉት ኃላፊም ይቅርታ ጠየቁ። አንዲት ሰዓት ናት እንግዲህ። መምህራኑ ግን ያቺ ሰዓት ተማሪው መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ የሚጽፍባት መሆኗን ያውቁ ነበር።

እዚህ አገር በ1966 የመምህራን፣ የዩኒቨርሲቲ መሪዎችና የቦርዶች ማኅበራት አብረው የቀረጹት መግለጫ አለ። ሕግ አይደለም፤ ግን ዛሬም ይጠቀሳል። ሥርዓተ ትምህርትና የማስተማር ዘዴ በቀዳሚነት የመምህራን ኃላፊነት ነው ይላል። ቦርዱ የመጨረሻ ሥልጣን እንዳለው ይቀበላል፤ ነገር ግን የመምህራኑን ውሳኔ የሚሽረው ከስንት አንዴ፣ ምክንያቱንም ለመምህራኑ ነግሮ መሆን አለበት። አንተ የጠየቅኸው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱ ይነገረኝ፣ እኔም ልናገር።

እዚህም ነገሩ አልጋ በአልጋ ነው እንዳይመስልህ። በ2024 ጥር የፍሎሪዳ ግዛት የዩኒቨርሲቲዎች የበላይ ቦርድ የሶሲዮሎጂ መግቢያ ኮርስን ከጋራ ትምህርት ዝርዝር አውጥቶ በአሜሪካ ታሪክ ኮርስ ተክቷል። መምህራኑ ጮኸዋል፤ አልተሰሙም። ስለዚህ ትሰማለህ ብዬ ቃል አልገባልህም። ፈርመህ ከጠፋህ ግን ተናግረህ እንደነበር እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ዕድሜዬ 70ን ካለፈ ቆይቷል። ዓይኔ ስለደከመ የልጅ ልጄ ነች የምትጽፍልኝ።

የጋራ ትምህርት ጉዳይ በአገራችን የትናንት ነገር አይደለም። በእኛ ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግዴታ ነበር፤ ማንኛውም ተማሪ፣ ሕግም ይማር ሳይንስ፣ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት አገር ቤት ወርዶ ማገልገል አለበት። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር፤ አብዛኛው ተማሪ በመምህርነት ነው የሚመደበው። ይህን ግዴታ በ1950ዎቹ አጋማሽ ያጸደቀው የዩኒቨርሲቲው የመምህራን ጉባኤ ነው። መምህራን ተቀምጠው፣ ተከራክረው፣ ተማሪው ከዲግሪው በፊት ምን ሊያውቅ ይገባል ብለው የወሰኑት ነው።

እኔ የደረሰኝ አሰበ ተፈሪ ነበር፤ የዛሬው ጭሮ። ስሄድ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት። 80 ልጅ በአንድ ክፍል፤ ጠመኔ የምንገዛው ከራሳችን ኪስ። አንድ ቀን አንድ ልጅ ለምን ሁልጊዜ እንደሚያረፍድ ብቆጣው፣ ውኃ ቀድቶ፣ ከብት አሰማርቶ፣ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ እንደሚመጣ ነገረኝ። አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ያን ዕለት ነው ትርጉም ያገኘልኝ። ከአገልግሎቱ ተመልሰን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ እንደ ቀድሞው አልነበርንም፤ መምህሮቻችን ሲናገሩ «አየነው» ማለት ጀምረን ነበር።

ተማሪው ሁሉ ወድዶት ነበር አልልህም። የሚቃወም ነበር። ግን የወሰኑት መምህራን ክፍል ገብተው ፊታችን ቆመው ለምን እንደወሰኑ ያስረዱን ነበር፤ ምክንያቱን ያውቁታላ፤ ራሳቸው ተከራክረውበታል። አንተ ነገ ተማሪህ «ለምን በአራት ሳምንት ሆነ?» ቢልህ ምን ትለዋለህ? «ፈርም ተባልኩ» ትለዋለህ?

ሚስትህ ያለችውን አትናቅ። ቤት ያላት ሴት እንዲያ ነው የምታስበው። ነገሩን አስረዳት፤ ያቺ ልጅ የጻፈችውን አንብብላት።

የሳቢያኑ መምህር

ውጤቱን ላሳውቃችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት። አባታችን፣ ምክርዎን ተቀብዬ ቅዳሜ ማታ ሦስቱንም ረቂቆች ለባለቤቴ አነበብኩላት። የድንጋዩ መንከባለል ጋ ስደርስ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እሷም የዚያ ሌሊት ልጅ ነች፤ በቀፊራ በኩል ነበር ቤታቸው። ተመልሳ መጥታ «ደብዳቤውን አሁን ጻፈው» አለችኝ።

ሰኞ ጥዋት ቃለ ጉባኤው ላይ በስሜ ትይዩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በዓርቡ ስብሰባ ተገኝቻለሁ። በዚህ አጀንዳ ላይ ውይይት አልተደረገም፤ ድምፅም አልተሰጠም።» ቀን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ጸሐፊዋ ተቀብላ ካነበበች በኋላ ቀና ብላ አየችኝና «ኮፒ ላንሣልዎት?» አለች። ደብዳቤዬን መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ወስጃለሁ።

በደብዳቤው ያቀረብኩት የቀድሞው ኃላፊ እንደመከሩኝ በቁጥር ነው። ንግግሩ በአዳራሽ ሁለት ሴክሽን ተጣምሮ ይሰጥ፤ ይህን መስዋዕት አድርጌአለሁ። ኮርሱ ግን በ16 ሳምንት ይቆይ። ሦስቱ ረቂቅ ወደ ሁለት ይውረድ፤ የመጀመሪያውን ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው ይተራረሙ፤ መምህሩ ሁለተኛውን ብቻ ያርም። በእኔ አራት ሴክሽን 720 የነበረው 240 ይሆናል። 60 በመቶው በምርጫ፣ 40 በመቶው በጽሑፍ ይመዘን።

ኃላፊዬ ማክሰኞ አስጠሩኝ። ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። «ይህን ለምን መጀመሪያ በቃል አልነገርከኝም?» አሉ። «ዓርብ ዕለት ልናገር ይገባ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔም ነው» አልኳቸው። ደብዳቤውን ፊቴ ላይ አነበቡት፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቁጥሮቹ ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶ አንሥተው ማባዛት ጀመሩ። የመጣው አቅጣጫ ምን እንደሚል ጠየቅኋቸው፤ ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። አንድ ገጽ ነው። «በተቻለ መጠን በብሎክ» ይላል። ስለ ምርጫ ጥያቄ አንድም ቃል የለበትም።

ከፈረሙት ባልደረቦቼ ሁለቱ በየተራ ቢሮዬ መጥተው ነበር። አንደኛው ሳያነብ እንደፈረመ ነገረኝ። ሁለተኛዋ አንብባ ነው የፈረመችው፤ በብሎክ መሰጠቱን ትደግፋለች፤ ምክንያቷንም አስረዳችኝ፤ ሁለት ሕፃናት አሏት፣ በብሎክ ሲሆን ቢያንስ ሦስቱን ወር ለምርምሯ ታገኛለች። አላሳመነችኝም፤ እኔም አላሳመንኳትም። ግን ሐሙስ በጉባኤው ላይ ይህንኑ እንደምትናገር ነገረችኝ፤ ደስ አለኝ።

አዎ፣ ሐሙስ ከጥዋቱ 3 ሰዓት ስብሰባ አለ። የአጀንዳው ወረቀት የትምህርት ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል፤ የእኛ ጉዳይ አንደኛ ተራ ላይ ነው። የረዳት ፕሮፌሰርነቱ ማመልከቻ እስካሁን አልተነካም። የደቻቱን ልጅ አግኝቼ ጽሑፏን ለባልደረቦቼ ማሳየት እንደምችል ጠይቄአታለሁ። ስሜ ይሸፈን እንጂ ይነበብ ብላለች። ስሟን በወረቀት ሸፍኜ ሦስቱንም ረቂቅ ዘጠኝ ዘጠኝ ኮፒ አስነሥቻለሁ።